የዘርትሁን ሸራ

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ የሰንበት ጸሎት አልቆ ሰው ነጠላውን ማስተካከል ሲጀምር፣ መምህር ደረሰ ከፊት ቆሞ የመጪዎቹን ሳምንታት ሥራ ነገረን። ወጣቶች ከበዓሉ በፊት ባለው እሑድ ጠዋት ተሰብስበው የጸሎት ቤቱን ግድግዳ ኖራ ይቀባሉ። የልጆቹ የዕብራይስጥ ትምህርት ከሰዓት በኋላ መሆኑ ቀርቶ ጠዋት ይሆናል፤ ከሰዓት ዝናብ እያስቸገረ ነው። ሴቶች ለቂጣው የሚሆነውን ስንዴ ለቅመው ለብቻው ያስቀምጣሉ። ለፋሲካ ከጎንደር እንግዳ ስለሚመጣ ማደሪያ ያለው ቤት ከወዲሁ ይናገር። ይህን ሁሉ በደስታ ሰማሁ። መጨረሻ ላይ ግን፣ «ለበዓሉ ማዕድ አንዴ ተበልቶበት የሚጣል የላስቲክ ሳህን ከባሕር ዳር ይመጣል» አለ። እጄን አነሣሁ።

«ሸክላውስ?» አልኩት።

«እማማ አንጓች፣ ዘመኑ እኮ ቀለለልን። አሁን ሸክላ ማን ይሠራል?»

«እኔ።»

«ለሁሉም ቤት?»

«ለሁሉም ቤት ነዋ። ለአንዱ ሠርቼ ሌላውን ብተው ፍርድ ይጎድላል።»

ከኋላዬ የተቀመጠችው የወንድሜ ልጅ፣ «እትዬ፣ ጉልበትዎ ለስግደት እንኳ እምቢ ብሎዎት የለም ወይ?» አለችና ሰው ሳቀ። «ሸክላ በጣት እንጂ በጉልበት አይሠራም» ብዬ ዝም አሰኘኋት። ደረሰ ደግ ልጅ ነው፤ ከሰው ፊት ሊረታኝ አልፈለገም። «እሺ፣ ሸክላው ከደረሰ ሳህኑ ይቀራል» አለ። ስንወጣ ግን በር ላይ ጠበቀኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። የሌላ ሰው እጅ ነካው ብለው ሸክላ እንዳይጥሉ። ያስተማሩኝ ሰዎች በፋሲካ የሚከለከለው እርሾ ነው እንጂ የጎረቤት እጅ አይደለም ብለውኛል» አለኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ቆጭቶኝ ይሁን እያሰብኩ፣ እኔም አላወቅሁትም።

በማግስቱ ከድሮው ጉድጓድ ያስመጣሁትን አፈር ጓሮ ውስጥ አፍስሼ ውኃ ረጨሁበት። ደረቅ የሸክላ አፈር ውኃ ሲነካው የሚሰጠውን ሽታ የማያውቅ ሰው ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ፣ በምንም ልመስልለት አልችልም። ሽታው ሲመጣብኝ ጉልበቴን ረስቼ ቁጭ አልኩና፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ወደነበሩት ዓመታት፣ ሞጣ ገና የአቧራና የባሕር ዛፍ ከተማ ወደነበረችበት ጊዜ ተመለስኩ።

የተወለድኩት ብቸና ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቀረ፤ ማንበብ ከያዝኩ በኋላ እናቴ «ይበቃታል፣ ደብዳቤ የሚጽፍላትም የለ» ብላ ጭቃው ላይ አስቀመጠችኝ። ወደ ሞጣ የመጣሁት ሙሽራ ሆኜ በእህል ጭነት መኪና ላይ ነው፤ ስደርስ ከአቧራው ብዛት አማቴ ፊቴን ሳታጥበኝ ቆንጆ መሆን አለመሆኔን ማወቅ አልቻለችም። ባለቤቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ ማረሻና ማጭድ ይሠራል፤ እኔ ማሰሮ፣ ድስትና ጀበና። ገበያ ላይ ዕቃችንን የምንሸጠው በብር ብቻ አልነበረም። ድስቱን በሚይዘው ሽምብራ ልክ የምትገዛ ሴት ነበረች፤ ሽምብራውን ከአፉ በላይ ቆልላ ስትሰፍርልኝ አመሰግናታለሁ፣ አጉድላ ስትሰፍር ደግሞ ድስቱን ወደ ራሴ እስበዋለሁ። ጀበና ከሁለት ብር አያልፍም ነበር። ልጃገረዶች ቴትሮን ቀሚስና የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ያደርጋሉ፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ ካሴት የሚሸጥ ሰው ቀኑን ሙሉ ዘፈን ይለቃል፣ ከደጀን የመጣው አውቶቡስ ሲገባ ደግሞ ተሳፋሪው እንዲሰማለት ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ያንን ዘፈን ጭቃ እያቦካሁ እሰማው ነበር። የእጄ ምት ከዘፈኑ ምት ጋር የሚሄድበት ቀን ሥራው ያምራል።

የእኛ፣ ኦሪትን የምንጠብቅ ሰዎች፣ ሰፈር ከወንዙ ወዲህ፣ ከተማው የሚያልቅበት ነበር። ጸሎት ቤታችን ጭቃ ምርግ፣ ቆርቆሮ ክዳን ነው። ሽማግሌዎቻችን በድሮው ቋንቋ «መስጊድ» ይሉታል፤ በዚህ የተነሣ አንዳንድ እስላም ነጋዴ ለሶላት ገብቶ አቅጣጫው ሲጠፋበት አይተን ስቀን መንገድ አሳይተናል። በመንግሥት ለውጥ ሰሞን ዘመዶቻችን ብዙዎቹ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ ሄደው፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ ተስፋይቱ ምድር ተወሰዱ። እኛ ቀረን። አንዱ የታመመች እናት ይዞት፣ አንዱ ስሙ ከተጓዦች ዝርዝር ሳይጠራ ቀርቶ፣ እኔ ደግሞ ባለቤቴን በቀበርኩ ሰሞን ስለነበር። ጸሎት ቤቱ ባዶ ሆነ። ሰባት ቤት ብንቀር ነው። ቄስ ተገኘ፣ ካህናችን፣ ልጆቻቸው ሁሉ ጎንደር ነበሩና በየወሩ «ይምጡ» የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። አንድ ቀን ሰበሰቡንና እንዲህ አሉ፦ «ዘንድሮ ፋሲካን እንደ ሥርዓቱ ካከበርን እዚሁ አረጃለሁ። ካልሆነ ግን ሥርዓት የሌለው ሰፈር ካህን አያሻውም፤ በሩን ቆልፌ እሄዳለሁ።» ቄሱ ከሄዱ እኛም እንደምንበተን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስለዚህ የዚያ ዓመት ፋሲካ ለእኛ የአንድ ሳምንት ቂጣ ብቻ አልነበረም።

የእኛ ፋሲካ ደግሞ ያለ ሸክላ አይሆንም። እርሾ የነካ ዕቃ ለበዓሉ አይገባም። ሸክላ የነካውን ነገር ወደ ውስጡ ይጠጣል፣ ቢያጥቡት አይለቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት አሮጌ ድስቱንና ማሰሮውን ያወጣል፣ ይሰብረዋል፣ ገሉን እንፈጨዋለን፤ የተፈጨው ገል ከአዲሱ አፈር ጋር ሲቦካ አዲሱ ሸክላ በእሳት አይሰነጠቅም። አሮጌው በአዲሱ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። እሳት ሲያልፍበት ሁሉም ንጹሕ ይሆናል። እስከዚያው ከአሮጌ ጣሳ እንበላለን። ከተሠራ በኋላ ግን፣ ገና ሳይበስልም ቢሆን፣ የፋሲካን ሸክላ ከእኛ በቀር ሌላ ሰው አይነካውም፤ የሌላ እጅ የነካውን እሳትም አያነጻውም። ይህ የእናቶቻችን ሕግ ነበር። ጎረቤቶቻችን ለዚህ ይቀየሙን ነበር፤ እነሱ ደግሞ በፋንታቸው ዓይናችንን ይፈሩታል። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል ይሉናል። እኛ እጃቸውን፣ እነሱ ዓይናችንን እየፈራን ከአንድ ወንዝ ውኃ እንቀዳለን።

ከእኔ ጋር አጥር የምትጋራው ዘርትሁን ነበረች። ከባሏ ጋር ቅመምና በርበሬ የምትነግድ፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ጾሟን የማትሽር የማርያም ሰው። ከዚያ ፋሲካ በፊት በነበረው ዓመት ልጇ ከአባቷ ጋር ዓባይ በረሃ ወርዳ ወባ ይዟት ተመለሰች። ልጅቱ ስትቃዠት ዘርትሁን ውኃ ወረፋ ላይ፣ «ይቺ ሸክላ ሠሪ ናት ያየችብኝ» አለች። ወሬው ማታውኑ ደረሰኝ። ልጅቱን ጤና ጣቢያ ክኒን ሰጥተው አዳኗት፤ እኔን ግን ማንም ከስሙ አላዳነኝም። ሽማግሌ ሰበሰብኩ። «ያለችውን ፊት ለፊት ትድገመው፣ ወይም ሐሰት ነው ትበል» አልኩ። ሽማግሌዎቹ «ታረቁ፣ ጎረቤት አይደላችሁም ወይ» ብለው ጉልበት አሳስመውን ተነሡ። ዕርቅ ብለውት ሄዱ። እኔ ግን እውነቱ ሳይነገር የሚሆን ዕርቅ አይገባኝም፤ ዛሬም አይገባኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገርንም።

ሸክላው አልቆ እሳት ሊገባ ቀርቦ ነበር። ዓርብ ጠዋት የሰባቱን ቤት ዕቃ ሁሉ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ፣ በእኔና በዘርትሁን አጥር ጥግ፣ ገለባ ላይ ደረደርነው፤ ፀሐይ የመጨረሻውን እርጥበት እንድታወጣለት። ከዚያ ለሰንበት ገላችንንና ልብሳችንን ልናጥብ ወደ ወንዝ ወረድን። ሴት ወንዝ ዳር ስትገናኝ ታውቃላችሁ። ወሬ ያዘን። አሜሪካን ጨርቅ እያሸን፣ ማን ጎንደር ደረሰ፣ ማን አረገዘች እያልን ስንመለስ ፀሐይዋ ቁልቁለቱ ላይ ጥላን ገባች። ግቢ ስንደርስ ሰንበት ገብቶ ነበር። በሰንበት ዕቃ አይነሣም። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ያለ ስለነበር ማናችንም አልሰጋንም።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ጸሎት መሐል ሳለን፣ ከጮቄ ተራራ በኩል ነፋስ መጣ። የዝናብ ሽታ ነበረው። ወደ በሩ ዞር ስል ሰማዩ ጠቁሯል። ያልበሰለ ሸክላ ዝናብ ካገኘው ወዲያው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። አሮጌው ሁሉ ተሰብሯል፣ ተፈጭቷል። አዲስ አፈር ቆፍሮ፣ አቡክቶ፣ ሠርቶ ለማድረቅ ጊዜ የለም።

«አባ፣ ዝናብ መጣ» አልኩ።

«አየሁት» አሉ ቄስ ተገኘ።

«ሸክላው ሜዳ ላይ ነው።»

«እሱንም አየሁት።»

«እንግዲያስ?»

«እንግዲያስ ሰንበት ነው።»

ከመሐላችን አንዷ «ሰው እንላክ፣ ከመንገድ ሰው ጠርተን ያስገቡልን» አለች። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ የማንሠራውን ሌላውን ብናሠራው ሥራው የማን ነው? ኦሪት አገልጋይህም፣ በደጅህ ያለው እንግዳም ይረፍ ይላል» አሉ። ተናድጄ ነበር፤ ግን ልክ ነበሩ። ፀሐይ ሲሆን የሚከበር፣ ዝናብ ሲሆን የሚሻር ሕግ ሕግ አይደለም። ይህን ያህል ይገባኛል። ሆኖም መቆም አቃተኝ፤ ወጥቼ ሸክላው አጠገብ ሄድኩና እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ቆምኩ።

ከአጥሩ ወዲያ ዘርትሁን በትልቅ ሰማያዊ ሸራ ላይ ያሰጣችውን በርበሬ ልታነሣ ወጥታለች። አየችኝ። ሸክላውን አየችው። ሰማዩን አየችው።

«አንጓች» አለች። ከዓመት በኋላ ስሜን መጥራቷ ነበር።

«አቤት።»

«ዕቃሽ ሊሟሟ ነው።»

«እያየሁት ነው።»

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታይዋለሽ? አታስገቢም?»

«ሰንበት ነው።»

«እንግዲያ አንቺ አስገቢልኝ በይኛ።»

«አልልም።»

«ኩራትሽ ነው?»

«ኩራት አይደለም። ከጠየቅሁሽ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ወይ ጉድ። ብመጣም እጄን አትወዱትም።»

«አንቺስ ዓይናችንን ትወጅዋለሽ?»

ሰማዩን መልሳ አየችው። አንድ ወፍራም ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈ። «ለፋሲካችሁ ነው?» አለች። «ለፋሲካችን ነው» አልኩ። «ሳትጠይቂኝ ብመጣስ?» አለች። ለዚህ ምን ይመለሳል? ራሴን ብነቀንቅ እንኳ መጠየቅ ነው። መሬት መሬት አየሁ።

ያኔ ዘርትሁን የሸራዋን ጫፍ ይዛ የበርበሬዋን ክምር ባዶ መሬት ላይ ገለበጠችው። የነጋዴ በርበሬ፣ ዝናብ ሊመጣ። ወደ መንገዱ ወጥታ ሰው ጠራች፤ ሁለት የእህል ተሸካሚዎች፣ ደበሎ የለበሰ ወደ ደብረ ወርቅ የሚሄድ የቆሎ ተማሪ፣ አራተኛ ያቺው ወባ ይዟት የነበረች ልጇ። «ይቺን ሸራ በየጫፉ ያዙና ከፍ አድርጋችሁ ቁሙ። ሸክላውን እንዳትነኩ። የነካ ከእኔ ጋር ነው» አለቻቸው።

«የቡዳ ዕቃ ነው ብለሽ ነው?» አለ አንዱ ተሸካሚ።

«አንተን የበላ ምን ያተርፋል፣ አጥንት ብቻ ነህ። ያዝ።»

ተማሪው ተጠራጠረ። «እኛም እኮ ቀዳሚት ሰንበትን እናከብራለን። ሥራ ይሆንብናል» አለ።

«እጅህ ወዴት ነው?»

«ወደ ላይ።»

«እንግዲያ ጸልይ።»

ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ሸራው መሐሉ ላይ ውኃ ሲያቁር ዘርትሁን ከሥሩ ገብታ በእንጨት እየገፋች ታፈሰዋለች። የተማሪው ደበሎ ረጥቦ የበግ ሽታ ሸተተ። ሁዳዴ ጾም ነበርና ሁሉም ሥጋና ቅቤ ከቀመሱ ሳምንታት አልፈዋል፤ ክንዳቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። እኔ ምንም አልሠራሁም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሥራ የከበደኝ ቀን የለም፤ ምንም አለመሥራት እንዲያ ይከብዳል። ከጸሎት ቤቱ የቄስ ተገኘ ድምፅ ከዝናቡ በላይ ይሰማ ነበር። አላየሁም አላሉም፣ አይተው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

ዝናቡ ሲያባራ ዙሪያው ጭቃ፣ የሸራው ሥር ደረቅ ነበር። ተሸካሚዎቹ ክንዳቸውን እያሹ ሄዱ። ዘርትሁን የራሰ በርበሬዋን ልትለቅም ገባች። ሰንበት ከወጣ በኋላ ሸክላው ይታይ ስንል ቄሱ «ጨለማ ላይ አይፈረድም፣ ጠዋት ይሁን» አሉ።

እሑድ ጠዋት ሁላችን ግቢው ውስጥ ነበርን። ቄስ ተገኘ እየዞሩ አዩ። «እግዚአብሔር ጠበቀልን፣ አንድም አልተነካ» ሲሉ ዘርትሁን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ አጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«አንዱን ነክቸዋለሁ» አለች።

ከእኛው ሴቶች አንዷ ወደ አጥሩ ጠጋ ብላ፣ «ምነው ዝም ብትይ፣ ማን አየሽ?» ስትል ሰማኋት።

«እኔ አይቻለሁ» አለች ዘርትሁን። «ነፋሱ ሲመጣ ሊወድቅ ነበር። በመዳፌ ደገፍኩት።»

«የትኛው ነው?» አሉ ቄሱ። በአገጯ አሳየች። የእኔ ነበር። ሰፊው ድስት፣ በወንዝ ጠጠር ወልውዬ መስተዋት ያስመሰልኩት። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቄሱም «አንጓች፣ ምን ትያለሽ?» አሉኝ፤ ቀስ ብለው፣ ላልፈው ከፈለግሁ እንዳልፈው መንገድ እየተዉልኝ።

«የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይውጣ እል ነበር» አልኩ። «የእኔ ስለሆነ አይቀርም። ይውጣ።»

ሰኞ ሌላውን ሁሉ በአንድ እሳት አበሰልነው፤ አንድም አልተሰነጠቀ። ሰፊውን ድስት ለብቻው፣ ራቅ ብዬ፣ በሌላ እሳት አበሰልኩትና ሲቀዘቅዝ በአጥሩ በላይ ለዘርትሁን ሰጠኋት። «ዋጋውን ንገሪኝ» አለች። «በርበሬሽ ከፍሎታል» አልኳት። ፋሲካው ሆነ። እኔ ድስት ስላልነበረኝ ያን ሳምንት በየተራ ከሌሎቹ ቤት በላሁ፤ ስድስቱም ቤት ያበሰለውን ቀመስኩ፣ ማን ጨው እንደሚያበዛም አወቅሁ። ቄስ ተገኘ ጎንደር አልሄዱም። እዚሁ አርጅተው እዚሁ ነው የቀበርናቸው። በኋላ ሌሎች ቤተሰቦች መጡ፣ ልጆች ተወለዱ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሆነ፣ መምህር ደረሰ መጥቶ ዕብራይስጥ አስተማረ።

የእነ ዘርትሁን ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ የዶሮ ወጡን በዚያ ድስት ሠራችው። ከቤት ውስጥ አልነበረም የሠራችው፤ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች በሚያልፉበት በደጇ ላይ ነበር። ሲበስል ልጇን ጠርታ ከድስቱ ላይ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሷ አጎረሰቻት። ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ቆመው አዩ። በልጄ ላይ ዓይኗን ጣለች ያለችኝ ሴት፣ ከእኔ እጅ በወጣ ሸክላ ልጇን አበላች። ሐሰት ነበር የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ከአፏ አላወጣችውም፣ እኔም አልተውኩላትም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ውኃ ወረፋ ላይ ዓይኔን የሸሸ ሰው የለም።

ዛሬ ዓርብ ነው። ሸክላው አለቀ፤ ሁሉም ቤት አለው። ለሰንበት በማለዳ ታጥቤ፣ ሸክላውን ገለባ ላይ ደርድሬ፣ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። እኩለ ቀን ሳያልፍ ከጮቄ በኩል ያው ነፋስ መጣ። የወንድሜ ልጅ ገበያ ሄዳለች፣ ወጣቶቹ ኖራ ሊገዙ ወጥተዋል። ስነሣ ጉልበቴ እምቢ አለ። ያኔ ቅንጭብ የነበረው አጥር ዛሬ ቆርቆሮ ነው፤ በክፍተቱ ስመለከት ዘርትሁን ሰማያዊ ሸራ ክንዷ ላይ አጥፋ ቆማለች። ያው ሸራ አይደለም፣ ያ ከበሰበሰ ቆይቷል።

«ዘንድሮም ቆመሽ ልታይው ነው?» አለች።

«ሰንበት ገና አልገባም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ዛሬ እጠይቅሻለሁ። ነይ አስገቢልኝ።»

በበሩ ዞራ ገባች። እሷም አርጅታለች፤ በከዘራ ነው የምትሄደው። ሸክላው መሐል ደረሰችና ሸራውንና ከዘራውን አስቀምጣ፣ እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣምራ ቆመች።

«በምኔ ነው የማስገባው? በጥርሴ? እሱም አልቋል።»

መምህር ደረሰ በር ላይ የለመነኝ ነገር ትዝ አለኝ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከእሱ ልመና በፊት ትዝ ያለኝ ያ ሰፊው ድስት ነው። ነካሁት ባትለን ኖሮ ፋሲካን እንበላበት ነበር፤ የነገረችን እሷ ናት። እጅ የሚያረክስ ከሆነ እንዲያ ያለው እጅ አይደለም። ደገፍ ብዬ ተነሣሁና አንዱን ማሰሮ አንሥቼ ዘረጋሁላት።

«ያዢ» አልኩ።

ወዲያው አልተቀበለችኝም። «ይህስ አይጣልም?»

«አይጣልም።»

«ማን አለ?»

«እኔ አልኩ።»

እጆቿን ከኋላዋ አወጣችና እንቁላል እንደሚይዝ ሰው በሁለት መዳፏ ተቀበለችኝ። አንድ በአንድ፣ እያረፍን፣ እየተነጫነጭን፣ «ቀስ በይ»፣ «አንቺ ቀስ በይ» እየተባባልን ሁሉንም ወደ ቤት አስገባነው። ዝናቡ መዝነብ የጀመረው የመጨረሻው ጀበና ደፉን ሲያልፍ ነው። ግቢው ባዶ ነበር። በር ላይ ቁጭ ብዬ ዝናቡ ባዶ ገለባ ላይ ሲወርድ አየሁት፤ ያን ያህል ዓመት ደረቴ ላይ የነበረ ነገር ይሁን ድካም እንጃ፣ ቀለለኝ።

ዘርትሁን ሸራውን ዘርግታ አየችው፣ መልሳ አየችኝ። «በከንቱ አሸከምሽኝ» አለችና እሱኑ ተከናንባ ወደ ቤቷ ሄደች።